በሩ ላይ ሰው ጥላ ብቻ ሆኖ ሲታይ፦ የካሜራን የጀርባ ብርሃን ሰቲንግ እንዴት እንፈትን?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «መግቢያ ላይ ሴኪውሪቲ ካሜራ ሰቅያለሁ። ካሜራው ከውስጥ ሆኖ ወደ በሩ ነው የሚያየው። በሩ መስታወት ነው። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ፀሐይዋ ከበሩ ፊት ለፊት ስለምትሆን የሚገባው ሰው ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ቢኤልሲ ሳበራ ሰውየው ይታያል፣ ውጭው ግን ነጭ በነጭ ይሆናል። ደብሊውዲአር ሳበራ ሁለቱም ይታያሉ፣ ምስሉ ግን ግራጫ ይሆንብኛል፤ ሰው ሲራመድም ጠርዙ ድርብ ይመስላል። የትኛውን ልተው? ደረጃውስ ስንት ላይ ይሁን? እንዴት ብፈትነው ነው እርግጠኛ የምሆነው?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። በነገሩኝ ሁኔታ ቢኤልሲን (የጀርባ ብርሃን ማካካሻውን) ያጥፉ፣ ደብሊውዲአርን (ደማቁንም ጨለማውንም አንድ ላይ ለማሳየት የተሠራውን) ያብሩ። ደረጃው ከ0 እስከ 100 የሚሄድ ከሆነ 50 ላይ ይጀምሩ። ሜኑው ከፈቀደልዎ ሹተሩ፣ ማለትም ለአንድ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ ከ1/100 ሰከንድ በላይ እንዳይዘገይ ይገድቡት። ይሄ መነሻ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር የሚነግርዎ የራስዎ በር ነው፤ እሱን ለማወቅ ደግሞ አንድ ጠዋት ሙሉ መመደብ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ረጅሙ መልሴ ስለ ፈተናው ነው። በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ችግር እዚያ ላይ ነው። ሰው ሜኑውን ይከፍታል፣ አንድ ነገር ይነካል፣ ስክሪኑን አይቶ «አሁን አማረ» ይልና ይዘጋዋል። ካሜራው ግን የተሰቀለው እንዲያምር አይደለም። አንድ ቀን አንድ የተጨነቀ ሰው ቀረጻውን ከፍቶ «ይሄ ማነው?» ይላል። ፈተናው መፈተን ያለበት ያንን ብቻ ነው። የሚራመድ ሰው፣ በመጥፎው ሰዓት፣ በተቀረጸው ቪዲዮ ላይ፣ ማንነቱ ይለያል ወይስ አይለይም?

ይህን የተማርኩት በከባድ መንገድ ነው። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ መጋዘን ላይ ካሜራ ሰቀልኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ራሴ በሩ ላይ ቆምኩ፣ ባልደረባዬ ስክሪኑን አየልኝ፣ «ቁልጭ ብለህ ትታያለህ» አለኝ፣ ዕቃችንን ሰብስበን ሄድን። ከሁለት ወር በኋላ ዕቃ ጠፋ። ቀረጻውን አብረን ከፈትን። በጠዋት ብርሃን ውስጥ አንድ ጥቁር ቅርጽ ገባ፣ አንድ ጥቁር ቅርጽ ወጣ። ኃላፊው ዝም ብሎ አየኝ። ያቺን ዝምታ እስካሁን አልረሳኋትም። ካሜራው አልተበላሸም፤ ሰቲንጉም በከሰዓቱ ብርሃን ልክ ነበር። የፈተንኩት ግን የማይሆነውን ሰዓት፣ የማይንቀሳቀሰውን ሰው፣ የማይቀረጸውን ምስል ነው።

ሜኑው ውስጥ ያሉት ስሞች ምን ይሠራሉ?

ካሜራ ብርሃን የሚለካው ምስሉን በሙሉ አይቶ ነው። ከጀርባ ኃይለኛ ብርሃን ካለ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል። ፊት ለፊት የቆመው ሰው ደግሞ ይጨልማል። የጥላው ምክንያት ይኸው ነው።

ቢኤልሲ የሚለውጠው የመለኪያውን ቦታ ነው። «ሙሉውን ምስል ተወው፣ ይህን ሳጥን ብቻ አይተህ ለካ» ይለዋል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ይፈካል፤ ውጭ ያለው ነጭ ሆኖ ይጠፋል። አዲስ መረጃ አይጨምርም። ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን ይሠዋል። እርስዎ ያዩትም ነጭ ውጭ ብልሽት አይደለም፤ የቢኤልሲ ተፈጥሮው ነው።

ደብሊውዲአር ሌላ ነገር ነው። እውነተኛው ደብሊውዲአር አንዱን ምስል ለመሥራት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ ያነሳል። አንዴ በአጭር ሹተር ለውጭው፣ አንዴ በረጅም ሹተር ለውስጡ። ከዚያ ያዋህዳቸዋል። ሁለቱ ምስሎች የተነሱት ግን በተለያየ ቅጽበት ነው። በመካከላቸው ሰውየው እጁን ካወዛወዘ እጁ ሁለት ቦታ ላይ ይገኛል። ያዩት ድርብ ጠርዝ ከዚህ የመጣ ነው። ግራጫነቱም ምክንያት አለው። ሰፊ የብርሃን ልዩነት በአንድ ስክሪን ላይ እንዲገባ ሲጨመቅ ጥቁሩም ነጩም ወደ መሀል ይጠጋሉ።

«ዲጂታል ደብሊውዲአር» የሚል ካዩ ይጠንቀቁ። እሱ አንዴ የተነሳውን ምስል ይዞ ጨለማውን ክፍል በሶፍትዌር ማፍካት ነው። ሴንሰሩ፣ ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ መጀመሪያ ያልያዘውን ነገር ማንም አያመጣውም። ጨለማው ሲፈካ አብሮት ኖይዙ፣ ያ የሚንቀጠቀጥ ነጠብጣብ፣ ይፈካል።

ኤችኤልሲ በተቃራኒው ኃይለኛ የብርሃን ነጥቦችን የሚያለዝብ ነው። ቦታው ማታ፣ የመኪና መብራት የሚመጣበት በር ላይ ነው። ለእርስዎ ጠዋት አይጠቅምም። በብዙ ካሜራዎች ሦስቱን አንድ ላይ ማብራት ስለማይቻል አንዱን ሲመርጡ የሌላው ስም ሜኑው ላይ ቢደበዝዝ አይደንግጡ።

ቁጥሩን በእጃችን እንሥራው

ይሄ ክፍል ሒሳብ አለው፤ ግን ብዙ ገንዘብና ልፋት ስለሚያድን ይታገሡኝ። ጥርት ባለ ቀን ፀሐይ በቀጥታ ያረፈችበት ቦታ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ ያገኛል። መግቢያ ክፍልዎ ውስጥ 200 ሉክስ አለ እንበል። ልዩነቱ 500 እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ዕቃ ሁሉ ብርሃን የሚመልሰው እኩል አይደለም። ውጭ ያለ ነጭ ግድግዳ የደረሰውን አብዛኛውን ይመልሳል፤ ውስጥ ያለ ጥቁር ኮት ትንሿን ብቻ። በሁለቱ መካከል የ20 እጥፍ ልዩነት ብንወስድ፣ 500 በ20 ሲባዛ 10,000 ይመጣል። ማለትም ካሜራዎ በአንድ ምስል ውስጥ 10,000 እጥፍ የብርሃን ልዩነት እንዲይዝ እየጠየቁት ነው።

በካሜራ ቋንቋ ይሄ 80 ዴሲቤል ነው። እያንዳንዱ 20 ዴሲቤል 10 እጥፍ ነው ብለው ይያዙት። 60 ዴሲቤል 1,000 እጥፍ፣ 80 ዴሲቤል 10,000፣ 120 ዴሲቤል 1,000,000። አንድ የተለመደ ሴንሰር በአንድ ቀረጻ ብቻ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 70 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ስለዚህ በእርስዎ በር ላይ አንድ ቀረጻ አይበቃም። ደብሊውዲአር ይብራ ያልኩት ለዚህ ነው።

ካርቶኑ ላይ 120 ወይም 140 ዴሲቤል ተጽፎ ሊያዩ ይችላሉ። ቁጥሩን እንደ ፍንጭ ይውሰዱት እንጂ በሁለት አምራቾች መካከል ዳኛ አያድርጉት። አምራቾች የሚለኩበት መንገድ አንድ ዓይነት ሆኖ አልቆየም። አይኢሲ 62676-5 የሚባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውም የካሜራ መግለጫዎችና የምስል ጥራት በአንድ ወጥ መንገድ እንዲገለጹ ነው።

ከዚሁ ሒሳብ አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። መግቢያው ውስጥ መብራት ጨምረው 200 ሉክሱን 800 ቢያደርሱት ልዩነቱ በ4 ይካፈላል። ያ 12 ዴሲቤል ማለት ነው። ማንም ሰቲንግ እንዲህ ያለ ንጹሕ ትርፍ አይሰጥም። ኖይዝ የለው፣ ድርብ ጠርዝ የለው። መብራቱን በሚገባው ሰው ፊት ላይ እንዲያርፍ አድርገው ይስቀሉት። አናቱ ላይ ከሆነ ዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ይመስላል።

ሜኑውን ከመንካትዎ በፊት

መጀመሪያ ሌንሱን ወይም የዶሙን (ካሜራውን የሚሸፍነውን ክብ ፕላስቲክ) ሽፋን በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። ከዚያ አንድ ትንሽ ሙከራ ያድርጉ። በመጥፎው ሰዓት መሰላል ላይ ወጥተው እጅዎን ከካሜራው በላይ እንደ ኮፍያ ጥላ ያድርጉ። እጅዎ ግን ምስሉ ውስጥ አይግባ። ሌላ ሰው ስክሪኑን ይመልከት። እጅዎን ሲያደርጉ ምስሉ ወዲያው ከጠራ፣ ጥቁሩም ጥቁር ከሆነ፣ ችግሩ የብርሃን ልኬት ብቻ አይደለም። ፀሐይዋ ሌንሱን በቀጥታ እየመታች ውስጡ እየተበተነች ነው። አቧራና ጭረት ያለበት ዶም ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። እንዲህ ያለውን ጭጋግ ደብሊውዲአር አያነሳውም፤ ብርሃኑ ሴንሰሩ ላይ ከመድረሱ በፊት ተቀላቅሏልና። መፍትሔው ጥላ የሚሰጥ ሽፋን፣ አዲስ ዶም፣ ወይም ካሜራውን ትንሽ ማዞር ነው።

ስለ ማዞር ካነሳን፣ ምስሉ ውስጥ ምን ያህል ሰማይ እንዳለ ይዩ። ሰማይ ለእርስዎ ሥራ ምንም አይጠቅምም። ካሜራውን ዝቅ አድርገው ሰማዩን ከምስሉ ቢያወጡት ግማሽ ችግሩ በነጻ ሊቀል ይችላል። በሩን ፊት ለፊት ከማየት ከጎን ቢያየው ደግሞ የበለጠ ይቀላል።

ሌላው ነገር ርቀት ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው የአይኢሲ 62676-4 እትም መሠረት አንድን የማያውቁትን ሰው ለመለየት በሜትር 250 ፒክሰል ያስፈልግ ነበር፤ የሚያውቁትን ሰው «እገሌ ነው» ለማለት 125። ካሜራዎ 1920 ፒክሰል ስፋት ካለውና በሩ አካባቢ 4 ሜትር ስፋት ካሳየ በሜትር 480 ፒክሰል አለዎት፤ በቂ ነው። 10 ሜትር ስፋት ካሳየ ግን 192 ብቻ ነው። 16 ሴንቲሜትር የሚያህል ፊት በ30 ፒክሰል ተሠርቶ ከሆነ ብርሃኑ የቱንም ያህል ቢስተካከል የማያውቁትን ሰው ማንነት ለመለየት አይበቃም። ሜትር ይዘው በሩ ላይ የሚታየውን ስፋት ይለኩ። 2 ደቂቃ አይፈጅም።

ፈተናው

ቀኑ ፀሐይ ያለበት ቀን ይሁን። ደመና ካለ ይተዉት፣ ነገ ይሁን። ሰዓቱ ያው ከ2 እስከ 4 ያለው ነው። 3 ሰው ያግኙ። አንደኛው በጣም ጠቆር ያለ ቆዳ ያለው ይሁን፣ አንደኛው ኮፍያ ያድርግ፣ አንደኛው ነጭ ልብስ ይልበስ።

ስለ ቆዳ ቀለም ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ስለሆነ። ጠቆር ያለ ፊት የሚመልሰው ብርሃን ያንሳል። በጀርባ ብርሃን መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ቀላ ባለ ሰው ብቻ ተፈትኖ «ይሠራል» የተባለ ካሜራ በር ላይ ለሚያልፈው ግማሹ ሰው ላይሠራ ይችላል። ይህ ደግሞ ሁለት ጉዳት አለው። ጥፋተኛው አይለይም። ከዚያ የባሰው ጥላ ብቻ ያየ ሰው «እሱን ይመስላል» ብሎ ንጹሑን መጠርጠሩ ነው። የሰው ስም የሚያስጠራ መሣሪያ ስለሆነ እዚህ ላይ ቸልተኛ መሆን አይገባም። አፍንጫው ከጉንጩ ተለይቶ ይታያል? ዓይኑና ቅንድቡ ይለያያሉ? ጠቆር ባለው ሰው ላይ ይህ ከታየ ብዙውን ጊዜ በሌላው ላይም ይታያል።

አሁን ሁሉንም ሰቲንግ ወደ መነሻው ይመልሱ። ቢኤልሲም ደብሊውዲአርም የጠፉበት የመጀመሪያ ዙር ይኑር። ይህ ማነጻጸሪያዎ ነው። ከዚያ ቢኤልሲ ብቻ። ከዚያ ደብሊውዲአር በ30፣ በ50፣ በ70። በአንድ ዙር አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ደብሊውዲአርንም ሹተርንም ብሩህነትንም አንድ ላይ ከነካኩ የትኛው እንደጠቀመ ማንም አይነግርዎትም።

በየዙሩ የመጀመሪያው ሰው ወረቀት ይያዝ። ወረቀቱ ላይ በትልቁ በማርከር «ደብሊውዲአር 50» ተብሎ ይጻፍ። ካሜራውን አይቶ ወረቀቱን ለ3 ሰከንድ ከፍ ያድርግ፣ ከዚያ ይውጣ። ቀላል ነገር ይመስላል። ማታ ቁጭ ብለው 15 ቁርጥራጭ ቪዲዮ ሲያዩ ግን ቀረጻው በምን ሰቲንግ እንደተነሳ ከምስሉ አይነበብም። ያቺ ወረቀት ናት የምታድንዎ።

ከዚያ በሩ አካባቢ ለግማሽ ደቂቃ ባዶ ይሁን። ይህችን ግማሽ ደቂቃ አደራ አይዝለሏት። ባዶ ሲሆን ካሜራው ለውጭው ብርሃን ራሱን ያስተካክላል። ሰው ሲገባ ደግሞ እንደገና መለካት አለበት፤ ለዚያ ጊዜ ይወስዳል። በቢኤልሲ ይህ በጣም ይታያል። ሳጥኑ ውስጥ መጀመሪያ ያለው ደማቅ በር ነው፤ ሰውየው ሳጥኑን ሲሞላው ነው ካሜራው «አሃ ጨልሟል» ብሎ የሚያፈካው። የሚያፈካው ግን ሰውየው አልፎ ከሄደ በኋላ ሊሆን ይችላል። በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይህን ችግር በጭራሽ አያሳይዎትም፤ ካሜራው ተስተካክሎ ጨርሶ ነው የሚያየው። ሌባ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ አይጠብቅም።

ስለዚህ ሰዎቹ በተራ ይግቡ። መጀመሪያ በተለመደ እርምጃ፣ ከዚያ በፍጥነት፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጎን መልሰው። በሩ ተዘግቶ ሲከፈትና ክፍቱን ሲቆይ ለየብቻ ይሞክሩ። መስታወቱ ቀለም ያለው ከሆነ በሩ ሲከፈት የሚገባው ብርሃን በአንዴ ይጨምራልና ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የእርምጃው ጉዳይ ከሹተር ጋር የተያያዘ ነው። ሰው በተለመደ እርምጃ በሰከንድ 1.4 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሹተሩ 1/25 ሰከንድ ከሆነ በዚያች ቅጽበት ውስጥ 5.6 ሴንቲሜትር ተጉዟል። ከጎን ለሚያይ ካሜራ ይህ የፊቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ ሙሉ በሙሉ ይደበዝዛል። በ1/100 ግን 1.4 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ወደ ካሜራው ቀጥ ብሎ የሚመጣ ሰው ላይ ጉዳቱ ያንሳል። ሹተሩን ገድቡ ያልኩት ለዚህ ነው። ዋጋውም አለ፤ ብርሃን ስለሚያንስ ካሜራው ጌይኑን፣ ማለትም ምስሉን በኤሌክትሮኒክስ ማጉላቱን፣ ይጨምራል፣ ኖይዝም ይመጣል። በቀን፣ በቂ መብራት ካለ፣ ይህን ዋጋ መክፈል ያዋጣል። አንዳንድ ካሜራ ደብሊውዲአር ሲበራ ሹተሩን ራሱ ስለሚይዘው ላይለውጥልዎ ይችላል። ኤሌክትሪኩ 60 ኸርዝ በሆነበት ቦታ ከሆኑ 1/100 ሳይሆን 1/120 ይጠቀሙ፤ አለበለዚያ ከአምፖሎቹ የተነሳ ምስሉ ላይ የሚሄዱ መስመሮች ሊመጡ ይችላሉ። ደብሊውዲአር ራሱም አንዳንድ የኤልኢዲ መብራት ሥር እንዲህ ያለ መስመር ያመጣል። ካዩት ደረጃውን ዝቅ አድርገው ይሞክሩ።

የቢኤልሲ ዙር ላይ ሳጥኑን የት እንደሚያስቀምጡ ያስቡ። ብዙ ሰው በሩን በሙሉ ይመርጣል። ያ ትርጉም የለውም፤ ደማቁ በሩ ራሱ ነውና። ሳጥኑን ፊት የሚያልፍበት ከፍታ ላይ ያድርጉ። ረጅሙም አጭሩም ሰው እንዲገባበት ትንሽ ቁመት ይስጡት።

ፍርዱን የት እንሰጣለን?

በቀጥታ ስርጭቱ ላይ አይፍረዱ። በስልክ ላይማ ጭራሽ። ስልክዎም ሆነ ኤንቪአሩ (ቀረጻውን የሚያስቀምጠው መሣሪያ) ብዙ ካሜራ አንድ ላይ ሲያሳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣልዎ ሰብ ስትሪሙን ነው፤ አነስተኛውን ምስል። የሚቀረጸው ዋናው ስትሪም ነው። እሱም ቢሆን ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው። ኤች 264ም ሆነ ኤች 265 የሚባሉት የቪዲዮ መጭመቂያዎች ቦታ ለመቆጠብ መጀመሪያ ከሚጥሏቸው ነገሮች አንዱ ጨለማ ውስጥ ያለ ለስላሳ ዝርዝር ነው። በጀርባ ብርሃን ውስጥ ያለ ፊት ማለት ደግሞ ይኸው ነው። በቀጥታው ላይ ጉንጩ የሚታይ ሰው በቀረጻው ላይ ጉንጩ አንድ ወጥ ጥቁር እድፍ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ የደብሊውዲአሩ አይደለም። ቢትሬቱን (በሰከንድ የሚቀመጠውን የመረጃ መጠን) ከፍ አድርገው ያንኑ ዙር ይድገሙት።

ስለዚህ ፕሌይባክ፣ የተቀረጸውን ማያ፣ ይክፈቱ። ወረቀቷን ያግኙ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ሲገባ ቪዲዮውን ያቁሙና በፍሬም በፍሬም ይሂዱ። ፊቱ በደንብ የታየበትን አንድ ፍሬም ብቻ ያውጡ። በየዙሩ ለየሰው አንድ ምስል ይኖርዎታል። ሁሉንም በአንድ ስክሪን፣ በአንድ ብሩህነት ይዩ።

ከዚህ በኋላ የምወደውን ነገር ልንገርዎት። የፋይሎቹን ስም በተራ ቁጥር ይቀይሩና ያዟዙሯቸው። የትኛው ቁጥር የትኛው ሰቲንግ እንደሆነ እርስዎ ብቻ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከዚያ እነዚያን 3 ሰዎች በቅርብ የማያውቅ አንድ ሰው ይጥሩ። በጥሩ ብርሃን የተነሱ የ5 ወይም የ6 ሰዎች ፎቶ ይስጡት፤ የሦስቱ እዚያ ውስጥ ይኑር። «ይሄ ከነዚህ ማንኛው ነው?» ብለው አንድ በአንድ ያሳዩት። ካመነታ ያመነታ፣ አይርዱት። ልብስ እንዳይጠቁመው ፊቱን ብቻ ቆርጠው ቢሰጡት ይመረጣል። እኛ የምናውቀውን ሰው በጥላውም በአረማመዱም ስለምንለየው ዓይናችን ያታልለናል። የማያውቅ ሰው ግን ያየውን ብቻ ነው የሚናገረው።

በዚህ ፈተና ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ውጤት ሰዎችን ያስገርማቸዋል። በጣም ያማረው ምስል፣ ውጭው ሰማያዊ፣ ውስጡ ደማቅ የሆነው 70፣ ፊት ለመለየት ከ50 ያንሳል። ደረጃው በጨመረ ቁጥር ፊቱ ጠፍጣፋና ግራጫ ይሆናል፤ የአፍንጫና የጉንጭ ጥላ ይጠፋል። ሰውን ከሰው የሚለየው ግን ያ ጥላ ነው። እርስዎም ምስሉ «ግራጫ ሆነብኝ» ማለትዎ ምናልባት ደረጃው ከሚያስፈልገው በላይ ስለሆነ ነው። ድርብ ጠርዙም ደረጃው ሲወርድ ይቀንስ ይሆናል። እጅና እግር ላይ ትንሽ ቢቀር አያስጨንቅዎ። ፊት ላይ ከሆነ ግን ያ ዙር ወድቋል።

30ም 50ም 70ም እኩል ካለፉ ዝቅተኛውን ይውሰዱ። ሁሉም ከወደቁና ቢኤልሲ ካለፈ ደግሞ ሳያፍሩ ቢኤልሲን ይውሰዱ። ውጭው ነጭ ቢሆን ምን ይሆናል? የመኪና ማቆሚያውንም በዚሁ ካሜራ ማየት ከፈለጉ ይጎዳዎታል። የዚህ ካሜራ ሥራ የሚገባውን ሰው ፊት መያዝ ብቻ ከሆነ ግን ምንም አይጎዳም። ለውጭው ሌላ ካሜራ ውጭ ይሰቀል። ቢኤልሲም ጭምር ሁሉም ከወደቁ ወደ መብራቱና ወደ ካሜራው አቀማመጥ ይመለሱ፤ ሜኑው ውስጥ የቀረ ነገር የለም።

ማታን አይርሱ

ለጠዋት የመረጡት ሰቲንግ ማታ ሊጎዳ ይችላል። ደብሊውዲአር አጫጭር ቀረጻዎችን ስለሚጠቀም ብርሃን በሌለበት ኖይዝ ይጨምራል። ያ ኖይዝ ደግሞ ለኮምፕሬሽኑ እንቅስቃሴ ይመስለዋል፤ ሃርድ ዲስክዎንም በከንቱ ይሞላል። ካሜራዎ ለቀንና ለማታ የተለያየ ፕሮፋይል ካለው ማታ ደብሊውዲአር ይጥፋ፤ የ1/100 ገደቡም ይላላ። የመኪና መብራት በሩን የሚመታ ከሆነ ለማታው ኤችኤልሲን ይሞክሩ። ፈተናው ያው ነው፤ ወረቀት፣ ባዶ ግማሽ ደቂቃ፣ የሚራመድ ሰው፣ ፕሌይባክ።

ፀሐይም ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አትወጣም። ዛሬ ከበሩ ጥግ የምታበራው ከጥቂት ወራት በኋላ መሀሉ ላይ ልትሆን ትችላለች። ከ3 ወር በኋላ አንድ ጠዋት፣ ከ6 ወር በኋላ ሌላ ጠዋት፣ አንድ ሰው ብቻ አስገብተው ቀረጻውን ይዩ። ሙሉውን ፈተና መድገም አያስፈልግም። ያለፈው ጊዜ ምስል ጎን አድርገው ማየት ይበቃል።

ስለዚህ ያለፈውን ምስል አያጥፉት። የሜኑውንም ስክሪንሹት አብረው ያስቀምጡ፤ እያንዳንዱን ገጽ፣ የቀኑንም የማታውንም። የፈርምዌር (የካሜራው የውስጥ ሶፍትዌር) አፕዴት ከተደረገ ወይም አንድ ሰው ካሜራውን ሪሴት ካደረገው ሰቲንጎቹ ወደ መነሻቸው ሊመለሱ ይችላሉ፤ ካሜራው ደግሞ ይህን አይነግርዎትም። መቅረጹን ይቀጥላል፣ መብራቱ ይበራል፣ በሩ ላይ ግን እንደገና ጥላ ነው የሚያልፈው። ከ3ቱ ሰዎች የአንዱን፣ በተመረጠው ሰቲንግ የተነሳውን ምስል አትመው ኤንቪአሩ ያለበት ሳጥን ውስጥ ቢለጥፉት፣ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ባለሙያም በሩ ላይ ሰው እንዴት መታየት እንዳለበት ያውቃል።